ግቢያችን ያምር ዘንድ የጎረቤት ጀሪካን አይጉደል

ለድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ግቢን በጥቂት ውሃ ስለማስዋብ የቀረበ ማሳሰቢያ

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሳቢያን በኩል ሳልፍ ከአንድ ትልቅ የብረት በር ሥር ንጹሕ ውሃ እየወጣ ኮብልስቶኑን ሲያርስ አየሁ። በበሩ ክፍተት ስመለከት ጎማው ሣር ላይ ተጥሏል፤ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፤ አጠገቡ ሰው የለም። ወዲያው ከታች በኩል አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጅ ጋሪ አራት ቢጫ ጀሪካን እየገፋች መጣች። ሰፈሯ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ እንደሆነ ነገረችኝ። ጋሪዋ በዚያ ውሃ ላይ እየተንቦጫረቀ አለፈ። አራቱም ጀሪካኖች ባዶ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው የዚያን ግቢ ባለቤት ለማሳጣት አይደለም። በእኛ ሙቀት አረንጓዴ ነገር ማየት ነፍስን ያረካል፤ ግቢን ማሳመርም የሚመሰገን ልማድ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ድሬዳዋን ያሳመራት ሣር ሳይሆን ጥላ ነው። ሣር በየቀኑ እየጠጣ ለባለቤቱ ብቻ ያምራል። ዛፍ ግን ሥር እስኪሰድ ሁለት ሦስት ዓመት ካገዝነው ራሱን ይችላል፤ ጥላውንም ከአጥር ውጭ ለመንገደኛው ጭምር ይጥላል።

ውሃችን ከየት ነው?

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም ተከፋፍሎ ይመጣል። በቀረው ጊዜ ፀሐይ ከመሬት የምትወስደው ሰማይ ከሚሰጠን ይበልጣል። ደቻቱ እንኳ ወንዝ የሚሆነው ጎርፍ ሲመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። የምንጠጣው ከመሬት በታች የሚወጣ ውሃ ሲሆን፣ ዋናው መገኛውም የሳቢያን ጉድጓዶች ናቸው። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ከእኛው አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋላት ትጠጣለች። እኛ በምንቀዳው ላይ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጓል ማለት ነው።

አሁን ሣሩን እናስላው። በሞቃትና ደረቅ አየር አንድ ካሬ ሜትር ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 40 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ሰው በቀን 200 ሊትር ያፈሳል። ይህ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ያቺ ልጅ ጋሪዋን ሁለት ጊዜ ተኩል ሞልታ የምታመላልሰው ውሃ።

ነገሩን ያዩ ሌሎችም አሉ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ብቻ የምታገኝ ከተማ ናት። እዚያ ሣሩን ነቅሎ ውሃ ቆጣቢ ተክል ለሚተካ ነዋሪ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገንዘብ ይከፈላል። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ ደግሞ ማንም የማይረግጠውን፣ ለጌጥ ብቻ የተዘራውን የመንገድ ዳርና የድርጅት ደጅ ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣትን ከ2027 ጀምሮ ይከለክላል። ገንዘብ ያላት ከተማ ሣርን ለማስነቀል ስትከፍል፣ እኛ ሣርን የሀብት ምልክት ማድረጋችን ሊታሰብበት ይገባል።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ልብ ማለትን ነው።

አንደኛ፦ የምንተክለውን ስለመምረጥ

ይደረግ

1. ከአበባው በፊት ጥላውን አስቡ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን የምዕራብ ግድግዳ ለዩና ትልቁን ዛፍ በዚያ በኩል ትከሉ። ግድግዳው ካልጋለ ሌሊት የምንተኛበት ክፍል ይቀዘቅዛል።

2. ኒምን አትናቁ። ከተማችንን ለምዷታል፣ ድርቅን ይችላል፣ ጥላውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሰፊ ቦታ ያለው ደግሞ በስማችን የሚጠራውን የድሬዳዋ ዛፍ ይትከል። ይህ እንደ እሳት የሚቀላ አበባ መነሻው ማዳጋስካር ሲሆን፣ በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው የሚያውቀው በእኛ ከተማ ስም ነው። የራሳችንን ስም የያዘ ዛፍ ከግቢያችን ሲጠፋ ያሳዝናል።

3. የሚያምርም የሚበላም ትከሉ። ሮማን፣ አምበሾክ፣ ዘይቱን፣ ሎሚና ሽፈራው ውሃ በልክ እያገኙ ፍሬና ቅጠል ይሰጣሉ። የሮማን አበባ ቀይነት ከየትኛውም የጌጥ ተክል አያንስም።

4. ለቀለም ቡገንቪሊያ ትከሉ። ቡገንቪሊያ ውሃ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ትንሽ ሲጠማ ነው አጥሩን በአበባ የሚሸፍነው። ውሃ መቆጠብ ውበትን እንደማይቀንስ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

5. ለአጥር ክትክታ ወይም አጋም፣ ለደረጃና ለመግቢያ ዳር እሬት ምረጡ። እሬት ከሥሩ የሚያወጣቸውን ግልገሎች ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል።

6. ውሃ የሚወዱትን በአንድ ቦታ ሰብስቡ። ጎመን፣ ቃሪያና ጽጌረዳ በየጥጉ ከተበተኑ ግቢውን ሁሉ እናርሳለን። በማጠቢያው አጠገብ አንድ ላይ ከሆኑ ግን አንድ ባልዲ ይበቃቸዋል።

አይደረግ

7. ለዓይን ብቻ የሚሆን ሣር አትዝሩ። ልጆች የሚቦርቁበት ካስፈለገ የሁለት ምንጣፍ ስፋት ይብቃ፤ እሱም የዛፍ ጥላ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሁን።

8. ድርቅ ስለሚችል ብቻ ፕሮሶፒስ አትትከሉ። የአፋርን የግጦሽ መሬት እንዴት እንደወረረ እናውቃለን። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበትና በበጠጥ ያሠራጩታል፤ ከግቢ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

9. ከተራራው እሬትና ሌላ የዱር አበባ ነቅላችሁ አታምጡ። በሐረርጌ ምድር ብቻ የሚገኙ የእሬት ዘሮች አሉ፤ እነሱ ካለቁ ሌላ ቦታ ሄዶ መተካት አይቻልም። ከችግኝ ጣቢያ ግዙ፤ ወይም ከወዳጅ ግልገል ለምኑ።

10. ትልልቅ ዛፎችን ከግድግዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ አትትከሉ። የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩ ከላይ ከላይ ተንሰራፍቶ የሚሄድ በመሆኑ ቢያንስ ስድስት ሜትር ያህል አርቁት።

ሁለተኛ፦ አፈሩን ስለማልበስ

ይደረግ

11. ራቁቱን የቀረ አፈር በተክሎች ዙሪያ አይኑር። የደረቀ ቅጠል፣ ገለባ፣ የዛፍ ቅርፊት ወይም የተከታተፈ ገረባ አራት ጣት ያህል አልብሱት። ገረባ በየመንገዱ ተቆልሎ ቦይ ሲዘጋ የምናየው ነው። ቆርጠን ከቤት ጥራጊና ከፍግ ጋር ብናበሰብሰው ግን አፈርን የሚያለሰልስ፣ ውሃን የሚይዝ ማዳበሪያ ይሆናል። የከተማችንን ቆሻሻ ወደ ጌጥ የምንለውጥበት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

12. ጉድጓዱን ከዝናቡ በፊት ቆፍሩ። ሰኔ ላይ ቆፍራችሁ ፍግና አፈር ቀላቅላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ችግኙ በሐምሌ ዝናብ ሥር መስደድ ይጀምራል። የጥር ተከላ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቧንቧ ጥገኛ ነው።

አይደረግ

13. ልባሱን ከግንዱ ጋር አታጣብቁ። አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ፤ አለበለዚያ ምስጥና ብስባሴ ግንዱን ያገኙታል።

14. ግቢውን ሁሉ በጠጠር አትሙሉት። ጠጠር ውሃ አይጠጣም ተብሎ የሚመረጥ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጥላ የሌለው ጠጠር ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። ጠጠር ለመተላለፊያ ይሁን፤ ቀሪው በተክል ይሸፈን።

ሦስተኛ፦ ስለማጠጣት

ይደረግ

15. ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ወይም ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አጠጡ። በቀትር ያፈሰስነው ውሃ ብዙው ሥር ሳይደርስ ይተናል።

16. አልፎ አልፎ፣ ግን በጥልቀት አጠጡ። በየቀኑ ላይ ላዩን የሚረጭ ውሃ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ አንድ ቀን ውሃ ሲጠፋ ተክሉ ይጠወልጋል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጠልቆ የሚገባ ውሃ ግን ሥሩን ወደ ታች ያስተምረዋል። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ክተቱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት።

17. ገንቦ ቅበሩ። ይህን በራሴ ግቢ አይቼዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሮማን ስተክል ገና ያልተሟሸ ትንሽ ገንቦ ከገበያ ገዝቼ ከችግኙ አንድ ክንድ ርቄ እስከ አንገቱ ቀበርኩት። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንኩት። የሸክላው ገላ ስለሚያሳልፍ ውሃው በቀስታ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ አፈሩ ሲረጥብ መስረጉን ይቀንሳል፤ ሲደርቅ ይጨምራል። በበጋ እንኳ በየአራት ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ እሞላዋለሁ። ላዩ አፈር ደረቅ በመሆኑ አረምም አይበቅልበትም። አንድ ቀን አፈሩን ቀስ ብዬ ገለጥ ሳደርግ ቀጫጭን የሮማን ሥሮች ገንቦውን እንደ መረብ አቅፈውት አገኘሁ። የገንቦው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። የተሟሸ ወይም ቅባት የጠጣ ሸክላ ግን ቀዳዳው ስለሚደፈን ለዚህ አይሆንም።

18. ገንቦ ያላገኘ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቶ ከሥሩ አጠገብ ይድፋው። አቅም ያለው ደግሞ የጠብታ መስኖ ይዘርጋ። ውሃችን በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ በጠብታ ቀዳዳዎችም ላይ ስለሚጋግር፣ አልፎ አልፎ ነቅላችሁ በኮምጣጤ ዘፍዝፏቸው።

19. የጎማችሁን ፍሰት ለኩ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት ያዙ። ከዚያ በኋላ ጎማ ከፍቶ ስልክ ማንሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በጀሪካን ቆጥራችሁ ታውቁታላችሁ።

አይደረግ

20. የሚንጠባጠብ ቧንቧን በይደር አታቆዩ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን አንድ ጀሪካን ያህል ይወስዳል። ሮቶው ሞልቶ ሌሊት የሚፈስ ከሆነም ተንሳፋፊ መዝጊያውን አሠሩ።

21. ደጅን፣ ኮብልስቶንንና መኪናን በጎማ አትጠቡ። ለደጅ መጥረጊያ፣ ለመኪና አንድ ባልዲና ጨርቅ ይበቃል።

አራተኛ፦ ስለ ዝናብና ስለ እጣቢ ውሃ

ይደረግ

22. አሸንዳ አሠሩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 36,000 ሊትር ይወርዳል። አምስተኛው እንኳ ቢባክን ወደ 29,000 ሊትር፣ ማለትም ከ1,400 በላይ ጀሪካን ይቀራል። ሁሉን ማጠራቀም ባይቻል እንኳ የአሸንዳውን አፍ ወደ ዛፎቹ ገንዳ ማዞር ይቻላል። ከረዥም ድርቅ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን ይጠብ፤ ማጠራቀም ከዚያ ይጀመር።

23. ገላና ልብስ የታጠበበትን ውሃ ለዛፎች ስጡ። ዛፎቹን አፈራርቁ፤ የሳሙናው ጨው በአንዱ ሥር እንዳይከማች ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያጥበዋል።

አይደረግ

24. በረኪና ያለበትን፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበትን ውሃ ለተክል አትስጡ። እጣቢ ውሃን ጥሬውን በሚበላ ሰላጣና ቃሪያ ላይ አታፍስሱ። ከአንድ ቀን በላይም አታሳድሩት፤ ይሸታል።

አምስተኛ፦ ውሃ ስናጠራቅም ቢምቢ እንዳናረባ

ይህን ክፍል ሁሉም እንዲያነብልኝ እለምናለሁ። በ2006 ዓ.ም የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ቺኩንጉኒያ ከተማችንን እንዴት እንዳንበረከካት እናስታውሳለን፤ መገጣጠሚያው የያዘው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ነበር ከአልጋ የሚነሳው። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ቀን የምትናከሰው ትንኝ በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በአበባ ማስቀመጫ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም ደግሞ በደረቁ ወራት የተነሳው ወባ ከእስያ ከመጣችው፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከምትራባው የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ውሃ ለመቆጠብ ያስቀመጥነው በርሜል ጎረቤትን ማሳመም የለበትም።

ይደረግ

25. በርሜልና ሮቶ ሁሉ ይከደን፤ የአሸንዳው መግቢያም በወንፊት ይሸፈን። የተቀበረው ገንቦም ክዳኑ አይነሳ።

26. በየሳምንቱ አንድ ቀን መርጣችሁ ባልዲና በርሜል አራግፉ፤ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉ። የትንኝ እንቁላል በሙቀት ወቅት ከሳምንት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ለመብረር ይደርሳል፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም።

አይደረግ

27. ከአበባ ማስቀመጫ ሥር ውሃ የሚያቁር ሳህን አታስቀምጡ። ያረጀ የመኪና ጎማን ቀለም ቀብቶ አበባ መትከል ያምራል፤ ነገር ግን ሥሩን ብሱና በአፈር ሙሉት። ባዶውን ዝናብ ላይ አትተዉ።

ስድስተኛ፦ ለዝናቡ መሬት ስለመተው

28. ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶ አትሸፍኑ። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም ሌሊት ደቻቱ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ያ ጎርፍ የመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ የአንድ ግቢ ሲሚንቶ አላመጣውም። ነገር ግን ውሃ የማያስገባ ግቢ ሁሉ ዝናቡን ወደ መንገድና ወደ ወንዙ ይገፋል፤ የከርሰ ምድር ውሃችንም የሚመልሰውን ያጣል። የመኪና መግቢያ ከሆነ ድንጋዩን በአሸዋ ላይ አንጥፉ፤ በመካከሉ ውሃ ይግባ።

29. ጎርፉ ወደ ጎረቤት እንዲወርድ አፈር አትደልድሉ። የግቢያችሁን ዝቅተኛ ቦታ ለዩና በዚያ ዛፍ ትከሉበት፤ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል።

ሰባተኛ፦ ከአጥር ውጭ

30. በደጃችሁ አንድ ዛፍ ይኑራችሁ። ከዚራን የሚያውቅ ሰው የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ከደረሰ ወዲህ የተተከሉ ዛፎች የከተማዋን ስም እንዴት እንደሠሩ ያውቃል። እነዚያን የተከሉ ሰዎች ጥላቸውን አልተቀመጡበትም፤ እኛ ተቀመጥንበት።

31. የደጅ ዛፍን ለማገዶ ወይም ለማስታወቂያ ሰሌዳ አትቁረጡ። ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካም ራሳችሁ አትውጡበት፤ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቁ።

32. ሣሩን በአንድ ቀን መንቀል የከበደው ሰው በዚህ ክረምት ግማሹን ይንቀል፤ በቦታውም ሁለት ዛፍና ጥቂት እሬት ይትከል። ያተረፈውን ውሃ ሰፈር ሲጠማ ለጎረቤቱ ይቅዳ።

በእኛ ደጅ ከበሩ ውጭ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ኒም አለ። ካደገ ወዲህ ማንም አላጠጣውም። ሥሩ አንድ የድንጋይ መቀመጫ አኑረንበታል። በቀትር የጀሪካን ጋሪ የሚገፉ ልጆች እዚያ ሲደርሱ ጋሪያቸውን አቁመው ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ አንዳንዴም ውሃ ይጠይቃሉ። ግቢያችን ውስጥ ሣር የለም፤ አንድ ኩባያ ውሃ ግን ጠፍቶ አያውቅም።